የማጀንታው ዘይት

ሠዓሊው ከሸራው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ ፖሊሶቹን ወደ ደረጃው መለሳቸው። መርማሪዋ አፍንጫዋን ሳትሸፍን ገባች። ማጅራቱ ላይ የደረቀውን ደም ዝንብ ወሮታል። ከበላዩ ሸራው ላይ በማጀንታ፣ በደማቁ ሐምራዊ ቀይ ቀለም፣ የተቀባችው አበባ ግን ገና እርጥብ ነበረች።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ከቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት የተነሣ የሞተበትን ሰዓት መቁረጥ አልቻለም። ሚስቱ እናቷ ዘንድ ሰንብታ የተመለሰችው ረቡዕ ጠዋት ነበር፤ ባሏ ሥራ ላይ ሲሆን የሥዕል ክፍሉን በር አታንኳኳም። ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድምና የቤት ቀለም ቀቢው፣ ረቡዕ ከሰዓት ወንድሙ አበባዋን ሲቀባ አጠገቡ ቆሞ ማየቱን ምሎ ተገዘተ። ከእርሱ በኋላ በቤቱ የቀረችው ሚስቲቱ ብቻ ናት። እስከ ቀትር ሌላ ነገር ካልተገኘ ልትታሰር ነው።

መርማሪዋ አበባዋን ጠጋ ብላ አሸተተችና የሟቹን የቀድሞ ተማሪ አስጠራች። ዛሬ ራሷ የሥዕል መምህርት የሆነችው ተማሪ የቀድሞ መምህሯን ስታስታውስ ፈገግ አለች።

«ማጀንታ ሲገዛ ባለሱቁን ያሳብደዋል። በምን ዘይት እንደተለወሰ ቲዩቡ ላይ ሳያነብ አይከፍልም። የተልባ ዘይት ቶሎ ይደርቃል፤ እየዋለ ሲሄድ ግን ይበጫል፣ ቢጫ ይሆናል። ‹ማጀንታዬን የበሽተኛ ድድ ያስመስለዋል› ይላል። የሱፍ ዘይት ቢዘገይም ቀለሙን አያበላሽም።»

ሰኞ አንድ ገዢ የበጨ ሥዕል እንደመለሰለትም ነገረቻት። የተፈረመበት የሠዓሊው ስም ነበር፤ ሥራው ግን የእርሱ አልነበረም።

ከቀትር በፊት መርማሪዋ፣ ሚስቲቱና ቀቢው ሳሎን ተሰበሰቡ።

«አበባዋ ተልባ ተልባ ትሸታለች» አለች መርማሪዋ። «የሟቹ ቲዩብ በሱፍ ዘይት የተለወሰ ነው፤ ክፍሉ ውስጥም የተልባ ጠብታ የለም። ስለዚህ የቀባት እርሱ አይደለም። ታዲያ ረቡዕ ማን ሲቀባ አዩ?»

ቀቢው ሳቀ። «እመቤቴ፣ ቀለም ያው ቀለም ነው።»

«ለእርስዎ አዎን። ቀለም ሲወፍርብዎ ተልባ ጠብ ማድረግ እጅዎ የለመደው ነው።» ከመሣሪያ ቦርሳው የተገኘውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ አፉ ማጀንታ ነክቶታል። «በስሙ እየሣሉ ይሸጡ ነበር። የበጨው ሥዕል አጋለጠዎ። ማክሰኞ ሲጠይቅዎ ገደሉት። ረቡዕ የተመለሱት እርሷ ከመጣች በኋላ በሕይወት የነበረ ለማስመሰል ነው። ዝንቡን እያባረሩ፣ ሬሳውን ተሻግረው ቀቡ።»

ቀቢው ጣቶቹን ሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር።

ሚስቲቱ እስከዛሬ «ጋሼ» ነበር የምትለው።

«ከዚያ ክፍል ስትወጣ ሻይ ሰጠሁህ» አለችው። «ጠጣህ።»

«ጠምቶኝ ነበር።»

ሲወስዱት አላየችውም። ጓዳ ገባች። ከታጠቡት ብርጭቆዎች እርሱ የጠጣበት የትኛው እንደሆነ መለየት ስላልቻለች፣ ስድስቱንም በጣቷ ጫፍ እያነሣች ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተቻቸው።