ሃያ ስድስት ዲግሪ

አቶ ቸርነት በብርድ ሞቱ፤ ያውም ከአልጋቸው በላይ ጣሪያው ላይ አዲስ ማሞቂያ ተገጥሞላቸው።

ጡረተኛው መምህር ከሸዋ መጥተው መቀሌን አገራቸው ካደረጉ ቆይተዋል። ስትሮክ ምላሳቸውንና ግማሽ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው ቤታቸው አልወጡም። ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካቸው ስላዘዘ፣ ልጃቸው አስናቀ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገጠመ። ነጭ ሰሌዳ ነው፤ አይቀላም፣ አይጮህም። ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ታበራዋለች፣ ሲሞቅ ታጠፋዋለች። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ሚስታቸው ወይዘሮ እታለም ገብተው ቢነኳቸው በድን ሆነዋል።

ፖሊስ ማሞቂያውን የገጠመውን ሽሻይን አሰረ። ኢንስፔክተር ዕፀገነት ጣቢያ አግኝታ አነጋገረችው።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሥራዬን ፈትሺው። ምንም እንከን የለውም።»

«ታዲያ ሰውዬው ለምን ሞቱ?»

«እሱን አላውቅም። ለአስናቀ ግን ነግሬዋለሁ፤ መቆጣጠሪያዋ አጠገብ እሳትም መብራትም እንዳይደርስ። የምታውቀው አጠገቧ ያለውን ሙቀት ብቻ ነው።»

«ለእናቱስ ነገርክ?»

«እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሓፍተይ፣ ልጆቼ ሰፈር ውስጥ የገዳይ ልጆች እየተባሉ ነው። ቶሎ በይልኝ።»

ዕፀገነት ሳትቀመጥ ወጣች።

በሟቹ ክፍል መቆጣጠሪያዋ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ናት፤ ሥሯ ጥላሸት ለብሷል። ከበላይዋ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ከነመጋረጃው ተሰቅሏል፤ ከበታቿ የሻማ መደርደሪያ አለ። በምሥራቁ ግድግዳ ደግሞ፣ ከመስኮቱ ጎን፣ ጭስ ያልነካው አራት ማዕዘን ይታያል።

«እማማ እታለም፣ ሻማ መቼ መቼ ያበራሉ?»

«ጋሼ ከታመሙ ጀምሮ ማታ ማታ ከሥዕሉ ሥር። እስኪነጋ የሚቆየውን ትልቁን።»

«ሲጸልዩ ወዴት ዞረው ነው?»

«የምን ጥያቄ ነው ልጄ? ወደ ምሥራቅ ነዋ!»

«ሥዕሉ ግን እዚህ ነው።»

«አስናቀ ነው ጋሼ ሊሞቱ ሰሞን ከነመደርደሪያው ያዛወረው። ፀሐይ ቀለሙን በላው ብሎ።»

ዕፀገነት መስኮቱን አየች። ከምሥራቅ የሚገባ ፀሐይ የምሥራቁን ግድግዳ ከውስጥ አያገኘውም።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጁን፣ ካቴና የገባለትን ሽሻይንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ይዛው የመጣችው ቴርሞሜትር አልጋው ላይ አሥራ አራት ዲግሪ ይላል። ሻማውን ለኮሰች። የመቆጣጠሪያዋ ቁጥር ሽቅብ ወጣ፤ ሃያ ስድስት ሲል ቀጭ አለና ማሞቂያው ጠፋ።

«አልጋው እየበረደ እሷ ሞቋል ትላለች። ሽሻይ ጥፋት የለበትም» አለች። «ሥዕሉን ያዛወረ ሰው፣ እማማ ሥዕሉ ባለበት ሥር ሻማ እንደሚያበሩ ያውቃል። የሽሻይን ማስጠንቀቂያ የሰማው ደግሞ አስናቀ ብቻ ነው። ፀሐይ በላው ያለውም ውሸት ነው።»

አስናቀ ሳቀ። «በሥዕል ልትከሺኝ ነው?»

«እናትህን አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ስትለምን እንደከረምክ ጎረቤት ነግሮኛል። አባትህ እያሉ ግን ከዚህ አይነቃነቁም።»

«ታዲያ ምን ታድርግ? አንሶላ ስታጥብ ትሙት? ወገቧ እኮ ተቆረጠ! አብራው እየተቀበረች ነበር!»

ወይዘሮ እታለም ልጃቸውን ቀስ ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። እንደገባቸው ዕፀገነት ከፊታቸው አነበበች።

«ያዛወርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እማማ፣ ጠዋት እኮ አስናቀ ነው ብለውኛል።»

«ተሳስቼ ነው፤ አሮጊት አይደለሁ? ያዛወርኩትም የለኮስኩትም እኔ ነኝ። በእጄ ነው የገደልኳቸው፤ ጻፊው። ይኼን የሰው ልጅ ፍቺው።»

ዕፀገነት የሽሻይን ካቴና ፈታች። አስናቀን የምትይዝበት የእናቱ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም አሁን ነጠቋት። ብዕሯን አንስታ ጠበቀችው። እናቱን ለማዳን «እኔ ነኝ» ቢል ይበቃ ነበር።

«ልጄ፣ በልተሃል?» አሉት እናቱ።

አስናቀ ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳ፤ እናቱን ሳያይ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።