የአቦ ዕለት ያልተቆረጠው

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት በባተ በአምስተኛው ቀን፣ የኦሃዮዋ ከተማ ሬይኖልድስበርግ በጭጋግ ተውጣ አደረች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ጣራው እንጂ ግድግዳው አይታይም ነበር። መሪጌታ ማዘንጊያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ከአጥሩ ሥር የቆሙትን አራት እግር ተክሎች በእጃቸው ጀርባ እየነካኩ ጤዛቸውን ያራግፉ ጀመር፤ ለእያንዳንዱም እግር አንድ አንድ መዝሙረ ዳዊት ይደግሙለት ነበር።

ተክሉ ካናቢስ ነው። በዚያ ዘመን የኦሃዮ ሕግ ሕመምተኛ በሐኪም ወረቀት እንዲገዛው ፈቅዶ፣ በጓሮ መትከልን ግን ይከለክል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ፣ ወረርሽኙ ቤተ ክርስቲያን ባዘጋበት ዓመት ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ተገኘባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ተክል ዘይት በቀር የሚያስተኛቸው ጠፋ። ወረቀቱን እንዳያወጡ የዜግነት ማመልከቻቸው ገና አልተወሰነም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ተክሉን በክፉ ዐይን ያያል። ሰባት ዓመት በስደተኞች ጣቢያ የኖሩት መሪጌታ፣ «ተክሉን ነቅለን እንጥለዋለን፤ ስምሽን ከመዝገብ ማን ይነቅለዋል?» ብለው በስውር ሊተክሉ ቆረጡ። ያለፈው ዓመት ዘይት በመስከረም አልቆ ነበር፤ የቀረው ተስፋ ይህ አራት እግር ነው። ለጠየቀ ሁሉ «ጌሾ ነው» ይባላል።

«የኔታ፣ ይሄ ጌሾ ምነው እንዲህ ከረፋ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ደስታ፣ ከአጥር ወዲያ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው።

«የፈረንጅ ጌሾ ነዋ።»

«እንግዲህ ጠላው ሲደርስ እኔን ብትረሱኝ፣ ወዮላችሁ!»

እትዬ ደስታ እንደገቡ ሔዋን መጣች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ የሆነች ልጃቸው ናት፤ አንቱታውን ኦሃዮ አስረስቷታል።

«አባዬ፣ ፎርካስቱን ቼክ አድርገሃል? ዛሬ ማታ ዝናብ ይጀምራል። አበባው ደርሷል፤ አሁኑኑ እንቁረጠው።»

«ዛሬ አቦ ነው፤ ዓመታዊ በዓሉ። ብረት አላነሣም።»

«እሺ፣ ነገ።»

«ነገ ቀዳሚት ሰንበት።»

«ከነገ ወዲያ ደግሞ እሑድ!» አለች፤ ሳቅም ንዴትም ተናነቃት። «ሦስት ቀን ከረጠበ ሞልድ፣ ሻጋታ፣ ይበላዋል። ሞልድ የነካውን ለእማዬ መስጠት አንችልም፤ ሳንባዋን ይጨርሰዋል። ፕሊስ፣ አባዬ። እኔ ልቁረጠው።»

«ከዚህ ጓሮ በአቦ ቀን አንድ ቅጠል አይቆረጥም ብዬ ተስያለሁ፤ ስለ እርሷ እኮ ነው!» አሉ መሪጌታ።

በተከፈተው መስኮት በኩል የወይዘሮ ስመኝ ድምፅ መጣ። «ተይው፣ ሔዋንዬ። አባትሽ ከአቦ ጋር ተዋውሏል፤ እኛ መሐል ምን አገባን? ሦስት ቀን ምን አላት?» ቃሉን ሲጨርሱ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ጎናቸውን መለወጣቸው ነበር።

መሪጌታ መቁረጥ ባይችሉም መሸፈን አልተከለከሉም፤ አራት እንጨት ተክለው ወፍራም ላስቲክ ወጠሩ፤ ንፋስ እንዳይገባ ዙሪያውን በድንጋይ ጫኑት። ዝናቡ አርብ ሌሊት ጀምሮ ቅዳሜን ሙሉ ወረደ፤ እሑድ ብርዱ መጣ። ከላስቲኩ በታች ተክሉን የገዛ ትንፋሹ ላብ እያጠመቀው ነበር፤ ይህን መሪጌታ አላወቁም፤ በሀገራቸው የሚያውቁት ጥቅምት ፀሐይ የሚወጣበት፣ እህል የሚደርቅበት ወር ነው።

ሰኞ ማለዳ ላስቲኩን ገለጡ። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ደስ አላቸው፤ ማጭዳቸውን አነሡ። የመጀመሪያውን አበባ በሁለት ጣታቸው ሲጫኑት ግን ውስጡ አመድ መስሎ ቡን አለ። ሁለተኛውም፤ ሦስተኛውም። አራቱንም እግር ፈትሸው አውራ ጣት የምታህል አንዲት ጫፍ ንጹሕ አገኙ፤ ሔዋን በስልኳ መብራት አገላብጣ አይታ «ይሄም አይሆንም» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

መሪጌታ ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

«ደረሰ?» አሉ ወይዘሮ ስመኝ።

«ጥቂት... ጥቂት ይቀረዋል።»

ወይዘሮ ስመኝ የባላቸውን ጣቶች አዩ፤ በግራጫ ሻጋታ ተለውሰዋል። እጃቸውን ሰብስበው ያዙላቸው።

«እንግዲያው እንጠብቃለን» አሉ።

ጠበቁ፤ በስቃይ ጠበቁ። ኅዳር ጽዮን ሦስት ቀን ሲቀራት ወይዘሮ ስመኝ ዐረፉ።

በዓመቱ አቦ ቅዳሜ ዋለ። መሪጌታ ማዘንጊያ ከጠዋት ጀምሮ በማጨጃ መኪና የጓሮውን ሣር ሲያጭዱ ታዩ፤ ተክሉ የነበረበት ያ ሥፍራ ባዶ ነበር፤ እርሱንም ደጋግመው አጨዱት።

«የኔታ! ዛሬ እኮ አቦ ነው!» አሉ እትዬ ደስታ ደንግጠው።

«ዐውቃለሁ» አሉ፤ መኪናውንም አላጠፉም።

ሌላ አንድ ዓመት ቆይቶ የኦሃዮ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በቤቱ ስድስት እግር እንዲተክል ተፈቀደ። ታሪክ የድምፁን ብዛት፣ ሕጉ የጸናበትንም ዕለት መዝግቧል፤ ያ አራት እግር፣ ያ ላስቲክ፣ በተከፈተ መስኮት «ሦስት ቀን ምን አላት?» ያለችው ሴት ግን የትም አልተጻፉም።