ቆላ የወረደው አጥቂ

«ከላይ ጀምሪ» አለ ምንይሉ። «‹ቆላ› ስትይ ሁለቴ ምቺው። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው እዚያ ላይ ነው።»

ሊዲ ባዶውን ጀሪካን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ያዘችና እንደገና መታች። ከአጥሩ ማዶ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ይንጫጫል፤ ሻጭ ይጣራል፣ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል። ሦስቱ ግን ከዊዳድ አባት የእህል መጋዘን ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከራሳቸው ድምፅ በቀር የሚሰሙት ነገር የለም።

«ብርድ ፈርቶ ወረደ ቆላ፣
ጎል ሲስት እዩት ከዛሬ በኋላ።»

ዊዳድ በሳቅ ወደ ኋላዋ ተንጋለለች። «ወላሂ ነገ ኮምቦልቻ ቀውጢ ነው። ተስፋ ይሄን ሰምቶ ኳስ በትክክል ከመታ ስሜን ቀይሩት።»

ነገ እሑድ ጦሳ ከቦርከና ይጫወታል። ጦሳ የደሴ ነው፣ የእነሱ። ቦርከና ደግሞ እታች ኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞቹ ቡድን ነው። በየዓመቱ ሲገናኙ ሁለቱም ከተማ ሰላም አያድርም፤ የዘንድሮው ግን የባሰ ነው። ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በፊት ቡድኖቹ ተጫዋች ተለዋውጠዋል። የጦሳ ዘጠኝ ቁጥር፣ ተስፋ፣ ወደ ቦርከና ወረደ። በምትኩ የቦርከናው በረኛ መሕሙድ ወደ ደሴ ወጣ።

«እኔ አሁንም አልገባኝም» አለ ምንይሉ። የደጋፊዎቹ አስጨፋሪ እሱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ሲናደድ ኮፍያውን ያዞራል። አሁንም አዞረው። «አጥቂ ሰጥቶ በረኛ መቀበል ምን ይሉታል? ጣሪያህን ነቅለህ በር እንደ መግጠም እኮ ነው።»

«አምና እየመራን የተሸነፍነው በማን ሆነና?» አለች ዊዳድ። «በበረኛ። የመሕሙድን እጅ አይተኸዋል? አካፋ ነው። አብሽር፣ ጎላችን ተዘግቷል።»

«ጎል የሚያገባውስ ማነው?»

ሊዲ በክርክሩ አልገባችም። እሷን ያንገበገባት ዝውውሩ ራሱ አልነበረም። ተስፋ ጎረቤቷ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ። በቤተክርስቲያን አንድ ኳየር ውስጥ ይዘምራሉ። ልምምድ ሲያመሽ እሱ ነው ደጃፏ ድረስ የሚያደርሳት። ከበሮ ያስተማራትም እሱ ነው። መሄዱን ግን ከቴሌግራም ነው ያነበበችው፤ «ተስፋ ለቦርከና ፈረመ፣ ፋብሪካው ሥራ ሰጠው» የሚል አንድ መስመር። በማግስቱ ቤታቸው ስትሄድ አልጋው ተነጥፎ፣ ጫማው ከበር ላይ ጠፍቶ ጠበቃት። እንደ ማንም ሰው ቆጥሯት ሳይሰናበታት ሄደ።

ግጥሙን የጻፈችው ያን ዕለት በንዴት ነው። ዜማው ግን ሳታስበው ራሱ መጣላት። ከየት እንዳመጣችው የገባት ምንይሉ በስልኩ ቀርጾ ለደጋፊው ሁሉ ከላከ በኋላ ነበር። የመሸኛው መዝሙር ነው። በእነሱ ቤተክርስቲያን አንድ የኳየር ልጅ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከከተማ ሲወጣ ፊት ለፊት ይቆማል፤ መዘምራኑ ይከቡታል፤ ያንን ይዘምሩለታል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ እጅ ጭነው ይጸልዩለታል። ለተስፋ አልተዘመረለትም። በአዘቦት ቀን ሹልክ ብሎ ስለሄደ ማንም አልሸኘውም። ምንይሉና ዊዳድ የሌላ ቤተ እምነት ልጆች ስለሆኑ ዜማውን አያውቁትም። ሊዲም አልነገረቻቸውም። ዜማ ዜማ ነው፣ አለች ለራሷ።

«ዝም፣ ዝም» አለ ምንይሉ በድንገት። «እማማ ብዙዬ መጡ።»

የሊዲ አያት በመጋዘኑ ጥግ ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በአንድ እጃቸው የሊዲን ሹራብ ይዘዋል። የሊዲ እናት ወልድያ ስለምትሠራ ልጅቱን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ደሴ ውስጥ ያለ ብርድ ሁሉ እሷን ፈልጎ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ስድብና መተረብም አይወዱም። ስለዚህ ልጆቹ ግጥሙን ዋጡትና ዜማውን ብቻ በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ማጨብጨብ ቀጠሉ።

እማማ ብዙዬ ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ።

«እሰይ ልጆቼ» አሉ። «ኧረ እሰይ። በይ ይሄን ልበሺ፤ ላብ በላብ ሆነሽ ነፋስ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ ሳምንቱን ስትስዪ ልትከርሚ።»

ማታውን ደግሞ ሊዲ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ኮምቦልቻ» የሚለው ቃል ቤት ውስጥ ከተነሳ እማማ ብዙዬ የመንገዱን ቁልቁለት፣ የሹፌሮቹን ችኮላ፣ የሜዳውን ግፊያ ቆጥረው አይጨርሱም ነበር። አሁን ግን ራት እያነሱ፣ «ነገ ከአምልኮ በኋላ እንሄዳለን» አሉ።

«እንሄዳለን?»

«ብቻሽን የምልክሽ መሰለሽ? እኔም ከደጋፊው ጋር እሳፈራለሁ።»

ሊዲ ዘልላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ለምን ሐሳባቸውን እንደለወጡ አልጠየቀችም። የፈለገውን ያገኘ ልጅ መቼ ይጠይቃል።

* * *

ቅጥቅጡ አውቶብስ ከደሴ ሲነሳ ውስጡ አረንጓዴ ብቻ ነበር፤ ማሊያው፣ ሻርፑ፣ ፊት ላይ የተቀባው ቀለም። ዊዳድ የሒጃቧን ቀለም ሳይቀር ከጦሳ ማሊያ ጋር አመሳስላለች። ምንይሉ መተላለፊያው ላይ ቆሞ መቀመጫ እየደበደበ ያስጨፍራል። የደሴን ብርድ ተማምነው የለበሱት ሹራብ ገና ቁልቁለቱን ሳያጋምሱ ይሞቃቸው ጀመር፤ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ይከተላል። ከፊት መቀመጫ እማማ ብዙዬ ሎሚ ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ለሊዲ ሰጧት።

«አሽትቺ። እንዳያጥወለውልሽ። ሹፌር፣ የኔ ልጅ፣ መታጠፊያው ላይ ቀስ በል። ኳሱ ያለ እኛ አይጀመርም።»

«ያለ እኛም ይጀመራል፣ እማማ» አለ ምንይሉ።

«ገደል ከምንገባ ያለ እኛ ቢጀመር ይሻላል።»

አውቶብሱ በሳቅ ተሞላ። ምንይሉ እጁን አነሳ። «አዲሱን እንልቀቀው። ግን እንደተነጋገርነው ነው፤ ሜዳ እስክንደርስ ዜማ ብቻ።» በዓይኑ ወደ እማማ ብዙዬ ጠቆመ። ሊዲ ጀሪካኑን መታች፤ አውቶብሱ በሙሉ በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። ወለሉ በእግር ምት ተንቀጠቀጠ። ሊዲ ዞር ብላ አየች። ይሄ ሁሉ ሰው የእሷን ዘፈን ነው የያዘው።

እማማ ብዙዬም እያጨበጨቡ ነው። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ «ለተስፋ ማታ ደውዬ ነገርኩት» አሏት።

የሊዲ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምኑን ነገሩት?»

«እንደምትሸኙት ነዋ። ትናንት ጓሮ ስትለማመዱለት ሰማሁ አይደል እንዴ? ልጁ ሳይዘመርለት፣ ሳይጸለይለት መሄዱ ሆዴን ሲበላኝ ነው የሰነበተው። ደግሞ አንቺን ዓይንሽን ማየት አፍሮ ነው አሉ ሳይነግርሽ የሄደው። ‹ሊዲ ጦሳን ከዳህ ትለኛለች› ብሎ ለእናቱ ነግሯታል። ሥራ ሲያገኝ ደስ ሊለን ሲገባ፣ ልጁ እንደ ጥፋተኛ ተደብቆ ይሂድ?»

«ሲነግሩትስ… ምን አለ?»

«ምን ይላል፤ ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ‹ሃሎ፣ ሃሎ› ስል ለካ እያለቀሰ ነው። ‹ጨዋታው ሳይጀመር መስመሩ ዳር መጥቼ እቆማለሁ› አለኝ።» ሎሚዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጉላት። «አሽትቺ እንጂ፤ ፊትሽ ጠቆረ።»

ሊዲ ሎሚውን ይዛ ተነሳችና ወደ ምንይሉ ሄደች። በጩኸቱ መሃል በጆሮው ሁሉንም ነገረችው፤ ዜማው የምን እንደሆነ፣ አያቷ ምን እንደመሰላቸው፣ ተስፋ ምን ብሎ እንደሚጠብቅ።

ምንይሉ ጉንጩ እስኪወጠር ፈገግ አለ። «እና ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጊያለሽ? ቆሞ ሲጠብቅ እንለቅበታለን። አቦ፣ እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አላቅደውም ነበር።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም። ሊዲ፣ ግጥሙ ያንቺ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው በቃሉ ይዞታል። አሁን አንቺ ብትፈሪ ሰው ምን ይላል? ጎረቤቷ ስለሆነ ነው ይላል። ሼም ነው።»

ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች። ለአያቷ እውነቱን መንገር አማራት፤ እሳቸው ግን በመስኮቱ የሚታየውን ኮምቦልቻን እያዩ ያንን መዝሙር ከነቃሉ፣ በቀጭኑ፣ ለራሳቸው ይዘምሩ ነበር።

* * *

ሜዳው ግጥም ብሏል። ሙቀቱ ፊት ይጠብሳል። ከፋብሪካ ፈረቃ ጨርሰው በሥራ ልብሳቸው የመጡ የቦርከና ደጋፊዎች በአንድ በኩል፣ የደሴዎቹ በአንድ በኩል ይጯጯሃሉ። መሕሙድ በጦሳ ማሊያ ወደ ጎሉ ሲሮጥ ከቦርከናዎች አንዱ፣ «መሕሙድ፣ ጓንትህን እንኳ ትተህልን ብትሄድ ምናለበት» አለው። መሕሙድ ሳቀና ሁለት ትልልቅ እጆቹን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ደሴዎች ጮኹ። «አላልኳችሁም?» አለች ዊዳድ። «አካፋ።»

ያኔ ተስፋ መጣ።

የቦርከናን ሰማያዊ ማሊያ ለብሷል። ከሚያሟሙቁት ጓደኞቹ ተለይቶ ሜዳውን አቋርጦ፣ በደሴ ደጋፊዎች ፊት ለፊት፣ መስመሩ ዳር ቆመ። ከኋላ ፉጨት ተነሳ። እሱ ግን አልሄደም። እጆቹን ከፊቱ አጣመረ፣ አንገቱን ትንሽ ደፋ። ሌላው ሰው ተስፋ ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባውም። ሊዲ ግን አወቀችው። በኳየሩ መሃል የሚሸኝ ሰው የሚቆመው እንደዚያ ነው።

እማማ ብዙዬ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«አሁን» አለ ምንይሉ። «ሊዲ፣ አሁን። ምቺው።»

ሕዝቡ የጀሪካኗን ምት ጠበቀ። የምትመታበት ዱላ በላብ ተንሸራተተባት፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ መታች፤ ትናንት እንደተለማመደችው አይደለም፤ ዝግ አድርጋ፣ ያ ሁለቴ የሚመታው ሳይኖርበት፣ ተስፋ ራሱ እንዳስተማራት። አንዳንዱ «ብርድ ፈርቶ…» ብሎ ጀመረ፤ ምቱ አልሄድ ሲለው አቆመ። ሊዲ አፏን ከፈተች።

«በሄድክበት ሁሉ ጌታ ይምራህ፣
ከእኛ ብትርቅም ከእርሱ አይለይህ።»

ብቻዋን ነበረች። ምንይሉ ኮፍያውን አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ይሄ ደግሞ የምንድነው?» አለ። ስትደግመው ግን የእማማ ብዙዬ ቀጭን ድምፅ ከጎኗ ተነሳ። ዊዳድ ቃሉን አታውቀውም፤ ሊዲን አየቻት፣ ተስፋን አየችው፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ዜማውን ተቀበለች። በአውቶብሱ ሲያንጎራጉሩ የመጡት ዜማውን ያውቁታል፤ አንድ በአንድ ገቡ። ማንን እየሸኙ እንደሆነ ግማሾቹ አልገባቸውም።

ተስፋ ቀና አለ። ፊቱን በማሊያው ጠረገ፤ ላብም ሊሆን ይችላል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሊዲ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቡድኑ ሮጠ።

ምንይሉ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። «ምን አደረግሽ? አበላሸሽው እኮ።»

«ሸኘነው» አለች ሊዲ። ጀሪካኑን ወደ ጉልበቶቿ መሃል መለሰችው። «አሁን ሄዷል። ከአሁን በኋላ የቦርከና ነው።»

«እሺ፣ እንግዲያው አሁን ያንቺን እንልቀቅበት?»

ሊዲ ዳኛውን አየች፤ ፊሽካውን ወደ አፉ እያስጠጋ ነው። «አንተ ከፈለግክ ዝፈነው። እኔ ግን ለዚያ ግጥም አልመታም።»

ፊሽካው ተነፋ። ቦርከና መሃል ላይ ኳስ ቀማ፤ ረጅም ኳስ ተላከ፤ ተስፋ በሁለት ተከላካይ መሃል ሾልኮ ብቻውን ወጣ። ያንን ሩጫ ደሴ በሙሉ ያውቀዋል። መሕሙድ እጆቹን ዘርግቶ ከጎሉ ወጣ። ሊዲ ቆማ ጀሪካኑን በሙሉ ኃይሏ ትቀጠቅጠው ጀመር፤ ምንይሉ ቂሙን ረስቶ ክንዷን ጨምድዶ ይዟል።

እማማ ብዙዬ በሻርፓቸው ዓይናቸውን ሸፍነዋል። «ኧረ ልጄ» አሉ ከሥሩ፣ «አሁን ለየትኛው ነው የምጸልየው?»

«ለመሕሙድ» አለች ሊዲ፣ ዓይኗን ከተስፋ እግር ሳትነቅል።