ሁለት ሰው ሲመጣብህ

«ልቀቃት እንጂ፤ ልቀቃት አንተ ስስታም።»

ድምፁ የመጣው ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ጀርባ ነው። ተናጋሪዋ አትታይም፤ ውሃ የሚንቦራጨቅ ድምፅና ይህ ቁጣ ብቻ ነው የሚሰማው። ሙዘይን ፊሽካውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። ሊናገረው ያለውን ቃል ሌላ ሰው ቀድሞ ተናግሮበታል።

ሜዳው ሐይቁ ዳር ያለ የከብት መስክ ነው። በአንድ በኩል ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ ጎል ሆኗል፤ በሌላው በኩል ድንጋይ ተከምሯል። ኑርዬ የሚባለው ቀጭን ልጅ ሁለቱን አልፎ፣ ሦስተኛውን አታሎ፣ አራተኛው ላይ ኳሷን አስነጠቀ። እንደ ሁልጊዜው ማለት ነው። ጓደኞቹ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ያዩታል። ኳሷ ተንከባልላ ደንገሉ ውስጥ ገባችና ወዲያው ተወርውራ ተመለሰች። ከኋላዋ የቀሚሷን ጫፍ ውሃ ያራሰባት ልጅ ብቅ አለች።

«ያንተ ናቸው እነዚህ ልጆች?»

«የቀበሌው ናቸው» አለ ሙዘይን።

«ኳሷስ? የኑርዬ ብቻ ናት እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። ኑርዬ አንገቱን ደፍቶ «እህቴ ናት» አለ፣ እንደ ደበቁት በሽታ። «ሂንድ ትባላለች።»

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ሙዘይን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥቡ ዩኒቨርሲቲ ሳያደርሰው ሐይቅ ከተማ ውስጥ የቀረ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ መረብ ይጠግናል። ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ብቻውን እየሄደ፣ ከራሱ ጋር እያወራ ይውላል። ሰው ሲያገኘው ይደነግጣል። እንዲህ ያለውን ሰው አሠልጣኝ ያደረገው የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ከበደ ነው። «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ ልጆቹን ተረከብ» ብሎ ፊሽካ ሰጠው። ሌላ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

መጽሐፍ ግን ኑርዬን አልጻፈውም። «አቀብል» ሲሉት አጠገቡ ማንም ሳይኖር ያቀብላል። «ንዳት» ሲሉት አምስት ሰው መሐል ገብቶ ይሰምጣል።

«መቼ ነው የማቀብለው ጋሼ? መቼ ነው የምነዳው?» ይለዋል።

«ስታየው ታውቀዋለህ።»

«አይቼው አላወቅሁትማ።»

ሙዘይን በዱላ መሬት ላይ እየሣለ ያስረዳል። ሥዕሉን ነፋስ ያጠፋዋል፤ ወይ ጥጃ ይረግጠዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ጉሮሮው ደርቆ፣ ተናዶ፣ እራት እንኳ አይበላም ነበር።

ሂንድ ልብስ ልታጥብ በመጣች ቁጥር ሥራዋን ትታ ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ሙዘይን ተስፋ ቆርጦ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ወንድሟን ጠራችው።

«ስማኝ ኑርዬ። አንድ ሰው ሲመጣብህ እለፈው። ትችላለህ፣ ታውቅበታለህ። ሁለት ሰው ሲመጣብህ ግን ከናንተ አንዱ ብቻውን ቆሟል ማለት ነው። እሱን ፈልገው።»

ልጁ ቆሞ አሰበ። «በቃ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሙዘይን ከተቀመጠበት ተነሣ። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከቤታችን። እናቴና ታላቅ እህቴ ዘይቱና ሁለቱም እኔን ሊቆጡ ሲመጡ፣ ኑርዬ ብቻውን ይቀርና በጓሮ በር ወጥቶ ወዳንተ ይሮጣል።»

ሙዘይን ከተሾመ ወዲህ ሜዳው ላይ ስቆ አያውቅም፤ ያን ቀን ሳቀ። እሷም አየችው። ሲስቅ ዓይኑ የሌላ ሰው ዓይን መሰላት፤ ቆይታ ነው ይህን የነገረችው።

የዚያን ዕለት ጋቢ አጥባ ነበር። ውሃ የጠጣ ጋቢ ለአንድ ሰው አይጨመቅምና አንዱን ጫፍ ሰጠችው። እሷ ስትጠመዝዝ እሱም ወደዚያው ወገን ይጠመዝዛል። ጋቢው ተከትሎ ይዞራል እንጂ ጠብ የሚል ውሃ የለም።

«ወዲያ በለው እንጂ።»

«ወዴት?»

«እኔ ወደማልሄድበት።»

ገባው። ጋቢው ሲጠመዘዝ ውሃው ወረደ፤ ጨርቁም እያጠረ መጣ። እያጠረ ሲመጣ ሁለቱም ሳያውቁት ተቀራረቡ። በመጨረሻ በመሐላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ነገር ቀረ። እሷ ዓይኗን አላነሣችም፤ እሱም ጨርቁን አለቀቀም። ከወዲያ ልጆቹ «ጋሼ፣ ተራ የማን ነው?» እያሉ ይጮሃሉ።

ከዚያ ወዲህ ልምምድ የሌለበት ቀን ለሙዘይን ቀን አልሆነለትም። ግን አንዲት የረባ ቃል አልተናገራትም። ስለ ኑርዬ ያወራል፤ በቅርቡ ስለሚገጥሟቸው የውጫሌ ልጆች ጉልበት ያወራል፤ ስለ መረብ ቀዳዳ ሳይቀር ያወራል። እሷ የምትጠብቀው ነገር ምላሱ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ልብሷን ሰብስባ ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ ሊላት የነበረውን ሁሉ ለሐይቁ ይናገራል።

ግንቦት ሲገባ አንድ ሐሙስ ልብስ ሳትይዝ መጣች።

«ከደሴ ሽማግሌ ተልኮብኛል» አለችው። «የላከው ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባዬ ገና መልስ አልሰጠም።»

ሙዘይን የፊሽካውን ክር በጣቱ ላይ ጠመጠመው፤ ፈታው።

«ለአባዬ ስላንተ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አንተ ያላልከውን።»

ከዚያ የአባቷን ነገር አጫወተችው። አባቷ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን የጨው ነጋዴ ናቸው። ታላቅ እህቷን ዘይቱናን የዳሩት በሽማግሌ ቃል ነበር። ሽማግሌዎቹ «ልጁ ወርቅ ነው፣ ከአፉ ክፉ አይወጣም» ብለው ምለው ነበር። ዘይቱና ዓመት ሳይሞላት ፊቷ አብጦ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትየው «ልጄን የሚፈልግ ራሱ ይምጣ፤ ከገዛ አፉ ልስማ፣ ዓይኑን ልየው» እያሉ ነው። የደሴው ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ መልስ ያጣውም ለዚሁ ነው።

«ነገ ጁምዓ ነው» አለች ሂንድ። «ከሰላት በኋላ ቤት ነው ያለው። ና።»

«ነገ?»

«ረመዳን ሊገባ ነው፤ ከዚያ በፊት መልስ መስጠት ይፈልጋል። መምጣትህን ካየ ሌላውን ይመልሰዋል፤ ወላሂ አውቀዋለሁ።»

«እሁድ ከውጫሌ ጋር እንጫወታለን» አለ ሙዘይን። «ካሸነፍን ጓድ ከበደ በስፖርት ክፍል ሊያስቀጥረኝ ቃል ገብቷል። ያኔ የምናገረው ነገር ይኖረኛል። አሁን ምን ብዬ እገባለሁ? መረብ ጠጋኝ ነኝ ብዬ?»

«አባዬ ሥራህን አልጠየቀም።»

«አንድ ሳምንት ብቻ ሂንድዬ። የሚቀጥለው ጁምዓ እመጣለሁ።»

«ሂንድዬ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። እሷም በዚያች ቃል ተሸነፈች። «እሺ፤ የሚቀጥለው ጁምዓ» አለች። ስትሄድ ግን ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው፤ ዕቃ ረስታ እንደምትሄድ ሰው።

እሁድ የውጫሌ ልጆች በጭነት መኪና እየዘፈኑ መጡ። የሐይቅ ሰው ሜዳውን ከበበው። ጓድ ከበደ በድምፅ ማጉያ ስለ ወጣቱ ትግል ተናግሮ ሳይጨርስ አንዲት ላም ሜዳው መሐል ገባችና ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ኑርዬ ያን ቀን ተአምር ሆነ። አንድ ሲመጣበት ያልፋል፤ ሁለት ሲመጡበት ቀና ብሎ ይፈልጋል። ኳሷ ከእግሩ ስትወጣ እንደ ታዘዘች ሄዳ ጓደኛው እግር ላይ ታርፋለች። ሙዘይን ዓይኑን ማመን አቃተው። አንድ ለአንድ ሆኑ። ሂንድ ከሴቶቹ መሐል ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ሊያልቅ ሲል ኑርዬ ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ አገኘ። አንዱን አለፈ። ከፊቱ ማንም የለም፤ ጎሉን ለቆ የወጣ አንድ በረኛ ብቻ። ሐይቅ በሙሉ ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሙዘይን ልብ ፈራ። ልጁ ሲያስነጥቅ፣ ጓድ ከበደ ፊቱን ሲያዞርበት፣ ጁምዓ ባዶ እጁን ሲቀርብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየው።

«አቀብል» ብሎ ጮኸ። «አቀብል ኑርዬ።»

ልጁ ወደ ጋሼው ዞር አለ። እግሩ ተወላገደ። ኳሷን ወደ ጎን ሰጠ፤ የውጫሌው ተከላካይ ደርሶ ወሰዳትና ወደ ፊት ለጋት። የሐይቅ ልጆች ሁሉ ወደ ፊት ሄደው ነበርና ጎላቸው ባዶ ነበር። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሙዘይን በንዴት ልጁን ያዘው። «ምን ነካህ? ብቻህን ነበርክ እኮ።»

«አንድ ሰው ነበር» አለ ኑርዬ እንባው እየወረደ። «ላልፈው ነበር። አውቄው ነበር። አንተ ነህ የጮህከው።»

ሙዘይን ልጁን ለቀቀው። ሂንድን በዓይኑ ፈለጋት፤ ሄዳለች።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም። ጓድ ከበደ ስለ ሥራው ዳግመኛ አላነሣም። ሐሙስ ወደ ማታ ነገሩን ለአጎቱ ለሼህ ሀምዱ ነገራቸው። ሼሁ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙትና ተቆጡ።

«ወንድ ልጅ ራሱ ሄዶ ልጅህን ስጠኝ ይላል? ዘመድ የሌለህ ነህ? እኔ ሞቼ ነው?»

«ራሱ ይምጣ ብለዋል እኮ፣ አጎቴ።»

«ሰው ሲያዝን ብዙ ይላል። ዘይኑልአቢዲን የሰው ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ደጁ ቆሞ ሲያይ ልቡ ይራራል። እኛ እንጨርሰዋለን። አብሽር።»

መከራከር ነበረበት። ቢከራከር ነገ ያንን በር ብቻውን ሊያንኳኳ ነው፤ የኑርዬ አባት ፊት፣ ያውም ከዚያ እሁድ በኋላ። ደግሞስ ሽማግሌ መላክ ክብር አይደለም? ማን ይቀየመዋል? እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ። እውነቱን ለመናገር እፎይ አለ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሼህ ሀምዱ፣ ጎረቤታቸው አቶ ሙላትና አቶ ወልዴ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። ሙዘይን ሐይቁ ዳር ሆኖ ጠበቀ። ፀሐይ ወደ አምባሰል ተራሮች ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። አቶ ሙላት መሬት መሬት ያያሉ።

«አከበረን» አሉ ሼህ ሀምዱ። «ምሳ አበላን፤ እግራችንን አስታጠበን። የልባችንን ሁሉ ተናገርን።»

«ከዚያስ?»

«ልጁ የት አለ አለ። ባህላችን አይደለም፣ አፍሮ ነው አልነው። ከዚያ ‹እኔ አንድ ሽማግሌ ሰው ነኝ፤ ምኔን ፈራው?› አለን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለም። በሩ ድረስ ሸኘን።»

«እሷስ? ሂንድ ነበረች?»

ሼህ ሀምዱ ወደ አቶ ሙላት ዞሩ። አቶ ሙላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስንገባ በሩን የከፈተችልን እሷ ነች» አሉ። «ሦስታችንንም ሰላም አለችን። ከዚያ ከኋላችን ሌላ ሰው ያለ መስሏት መንገዱን ታይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየች። ልዝጋው አላለችም።»

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ነበር። ሙዘይን ልጆቹን ለሁለት ከፍሎ ሲያጫውት ሂንድ በአስፋልቱ በኩል መጣች። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። ርቃ አስፋልቱ ዳር ዘይቱና አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ቆማለች።

ጨዋታውን ትቶ ወደ እሷ ሮጠ። አፉ ተከፈተለት፤ ሰሞኑን ያልወጣው ሁሉ ወጣ። እንደፈራ፣ ክብር መስሎት እንደሆነ፣ አጎቱ እንደተቆጡት፣ ከጋቢው ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አስቦ እንደማያውቅ ነገራት። «እወድሻለሁ» አላት፤ ልጆቹ እየሰሙ። «አሁን እሄዳለሁ። ልብሴን እንኳ አልቀይርም። አባትሽ ፊት እቆማለሁ፤ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

ሂንድ እስኪጨርስ ሰማችው። ዓይኗን አልሰበረችም። የተቆጣች አትመስልም፤ ያለቀሰችም አትመስልም።

ከዚያ አልፋው ወደ ወንድሟ ሄደች። ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈችለት፤ ግንባሩን ሳመችው። ወደ አስፋልቱ ተመለሰች።

«ሂንድ» አለ ሙዘይን። «አንድ ቃል ብቻ።»

አልዞረችም። አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ከዘይቱና እጅ ሻንጣውን ተቀብላ ገባች።

«የት ነው የምትሄደው?» አለ ሙዘይን።

«እንጃ፤ ለማንም አልተናገረችም» አለ ኑርዬ። «የደሴውን ሰው ግን አልፈልግም ብላለች።»

አውቶቡሱ በሩን ሳይዘጋ ተነሣ። ሙዘይን በሜዳው ዳር እየሮጠ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ሂንድ በወዲያኛው ወገን ተቀምጣ ነበርና አልታየችም።