አያ ይስማው ያልተናገሩት ቃል

የሚስቴ ወንድም ጌታነህ ቢቴን፣ በላፕቶፕ ያቀናበርኩትን ሙዚቃ፣ ሰርቆ በስሙ አወጣው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ማለሳለስ አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ስሜን የሚጽፍልኝ እሱ ነበር፣ ለካ የሚጽፈው የራሱን ኖሯል፣ ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብኩት ውሸት ይህ ሆነ።

እኔ ደግሞ በመንፈስ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጠበል ቦታ የሚጮኸውን እንኳ «ጉሮሮው ጤነኛ ነው» ብዬ የማልፍ ነኝ። ስለዚህ የምነግርህን እንደ ተረት አትስማው።

ቢቱ ትራፕ የሚሉት፣ ከበሮው ደረት የሚደበድብ የፈረንጅ ስልት ነው፣ ያውም ክፉ ትራፕ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ አያ ይስማው አንድ ማለዳ ለቀብር ሲጠሩ በስልኬ ቀዳኋቸውና፣ ንግግራቸውን ጥዬ ጥሩንባውን ብቻ ቆርጬ፣ ድምፁን ወደ ታች ጎትቼ አወፈርኩት፣ እስኪቀደድም አስጮኽኩት። የማርቆስ ባጃጆች እሱን ሳይከፍቱ አይነዱም ነበር።

ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ አለልኝ ከሰስኩ። ሽማግሌ ከሚቀመጥበት ቀን በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ቅጂ ብከፍተው ከጥሩንባው ኋላ አንድ ሰው «እድርተኞች» አለ። የቆረጥኩትን ፈታትቼ አየሁ፣ ከጥሩንባ በቀር ምንም የለም። ደገምኩት፣ «እድርተኞች ስሙ» አለ። እመነኝ፣ ስፒከሩ ነው ብዬ በጆሮ ማዳመጫ ሞከርኩ፣ «እድርተኞች ስሙ፣ ዛሬ» ብሎ ቆመ። በከፈትኩት ቁጥር ይጨምራል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ጌታነህ ነው። ሰላምታም የለ።

«ጋሼ፣ አንተ ጋ እስከየት ደርሷል?»

ዘጋሁበት።

ጋሽ አለልኝ ቤት ስንሰበሰብ አያ ይስማው ለምስክርነት ተጠርተው ነበር። ቢቱን ከፈትኩት፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጥርት ያለ የሰው ድምፅ መጣ፣ «እድርተኞች ስሙ፣ ዛሬ ያረፉት አቶ» ሲል ጌታነህ ዘሎ የስፒከሩን ገመድ ነቀለው።

አያ ይስማው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ድምፁ የኔ ነው ልጆቼ፣ ቃሉን ግን አልተናገርኩትም። ያን ማለዳ የጠራሁት ለሴት ቀብር ነው።»

«ማን ሊል ነበር?» አሉ ጋሽ አለልኝ።

ጌታነህ ላብ አጥምቆታል። «ቢቱ የሱ ነው። የኔ እጅ የለበትም፣ በማርቆስ ታቦት። የሚጠራው የባለቤቱን ስም ከሆነስ? ስሜ ይውጣልኝ።»

«ትናንት አባቱ እኔ ነኝ ስትል አልነበር?» አልኩት።

«ውሰደው ጋሼ። ውሰደውና አሳድገው።»

ስሙን አጠፋሁና፣ ሁሉም እያዩኝ፣ የራሴን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ስመኘው የኖርኩት ይህን ነበር፣ ጣቴ ግን ፊደሉን እየሳተ አስቸገረኝ። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም፣ ላጥፋው ብልም እጄ እምቢ አለኝ። ቢቱ የኔ፣ የኔ ብቻ ነው ተብሎ የተፈረደው ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ነው።