ሳላውቅ አላገባሽም

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ሰው ማሞገስ ነው። «አቤት ሲያምርብሽ!» ካላልኩ ማን ይመለሳል? መነጽር ላሠራ የገባሁ ዕለት የባለሙያው አፍ ያስደነገጠኝም ለዚህ ነው። ፊቴን ትኩር ብሎ አየና፣

«አፍንጫሽ ወደ ግራ ያዘነብላል» አለኝ።

«ምን አልክ አንተ?!»

«ፍሬሙን ካላስተካከልኩት ይንሸራተታል።»

ልሰድበው አፌን ስከፍት ዓይኑ ሲሸሸኝ አየሁ። እያሾፈ አልነበረም። መነጽሩን ሲያደርግልኝ ጣቱ ፊቴን እንዳይነካኝ ሲጠነቀቅ... ወይ ጉዴ፣ እዚያው ወደድኩት!

«ያምርብኛል?»

«አያምርብሽም። ቡናማው ይሻላል።»

ቡናማውን ወሰድኩ። ሰውዬውንም።

ከእኔ ጋር ሲሆን ወሬው አያልቅም፤ ሰው ሲበዛ ግን ይደነዝዛል። ሙዚቃ ከተከፈተ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። የሥራ ባልደረቦቹ ያየውን ሳይሸፍን ስለሚናገር «መስታወቱ» ይሉታል። እኔ አልከፋኝም ነበር፤ ልንጋባ ተስማምተን ነበር።

አንድ ቀን እህቴ ፅንስ ወርዶባት ቤቴ መጥታ ስታለቅስ፣ እሱ ብድግ ብሎ ሲጢጥ የሚለውን በር ዘይት ይቀባ ጀመር። እህቴ ጮኸች።

«ይሄ ሰው ልብ የለውም! ይሄን ክፉ ልታገቢ ነው?»

«ድምፁ እንዳይረብሻት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ማን ይስማው!

በሳምንቱ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጣ። ሬዲዮ ላይ አንድ ጎልማሳ ስለ ኦቲዝሙ ሲያወራ ሰምቶ፣ ራሱን የሰማ መስሎት ደንግጧል።

«እሱ የልጆች አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ልጆቹ ያድጋሉ» አለኝ። «ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ክፉ ልሁን ወይስ አፈጣጠሬ ይሁን ሳላውቅ አላገባሽም።»

«አንተ ክፉ አይደለህም፣ የኔ ጌታ!»

«አንቺማ ማሞገስ ሥራሽ ነው።»



ሐኪሟ ብዙ ካነጋገረችው በኋላ ልጅነቱን የሚያውቅ ሰው ፈለገች። ያሉት እናቱ ብቻ ናቸው። መጡና ቦርሳቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣

«ልጄ እንደማንም ልጅ ነበር። በጊዜው አፉን ፈታ፤ ሲጫወት ነው ያደገው» አሉ።

ሐኪሟ ግራ ተጋባች። እንዲህ ከሆነ ኦቲዝም ነው ለማለት እንደሚቸግራት ነገረችው። መንገድ ላይ፣

«እናቴ አትዋሽም» አለኝ። «እንግዲያው ክፉ ነኝ። ተዪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ዘጋ። መነጽር ቤቱ ብሄድ ከውስጥ ክፍል አልወጣልኝም። እናቱ ቤት ሄድኩ።

«እማማ፣ ልጅዎ እየጠፋ ነው! እውነት በጊዜው ነው የተናገረው?»

በሩን ሊዘጉብኝ ነበር፤ ግን ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ትምህርት ቤት እስኪገባ ቃል አልወጣውም። ሰው ሲያይ ይጮሃል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። አባቱ ‹አዋረድሽኝ› ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ... ጓዳ ከአልጋው እግር ጋር ነበር የማስረው።» ፊታቸውን ሸፈኑ። «እሱን ስናገር ያሰርኩት እኔ መሆኔን መናገሬ አይደል? ልጄ ፊት!»

«ካልተናገሩ ዕድሜ ልኩን ክፉ ነኝ እያለ ይኖራል።»

እናቱ እሺ ሲሉኝ ለሐኪሟ ነገርኳት፤ ራሷ መነጽር ቤቱ ደውላ ጠራችውና ሦስታችንም ተመልሰን ገባን። እናቱ ወለሉን እያዩ ሁሉንም ተናገሩ። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣

«ገመዱ ሰማያዊ ነበር» አለ።

«ታስታውሳለህ?!»

«ረስቼው አላውቅም። ክፉ ስለሆንኩ ያሰርሽኝ ነበር የመሰለኝ።»

እናቱ እንደ ቁስለኛ አቃሰቱ። ሐኪሟ ኦቲዝም መሆኑን፣ አብሮት እንደተወለደ ነገረችው።

«ጥፋቴ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገመችለት።

ኮሪደሩ ላይ እናቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ወደ ኋላ አለ።

«አሁን አልችልም። መቼ እንደምችልም አላውቅም» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታገቢኛለሽ?» አለኝ።

«አገባሃለሁ እንጂ!» አልኩት፣ እያለቀስኩ።

ተጋባን። እናቱን አይምጡ አለ፤ አልመጡም። እኔም አልጫንኩትም፤ የታሰረው እሱ ነው። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ይደውሉልኛል።

«በላ?» ይላሉ። ሌላ ምንም አይጠይቁም። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ በሹክሹክታ እመልሳለሁ።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ሲጠራ አጠገቤ ሆኖ ሌንስ ይወለውል ነበር። ልነሳ ስል፣ ቀና ሳይል፣

«እዚሁ አውሪያት» አለኝ።

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«በላ?» አሉ እናቱ።

«በልቷል በያት» አለ እሱ፣ ጮክ ብሎ።

ድምፁን ሰሙት። ሲያለቅሱ ይሰማናል። ስልኩን አልዘጋነውም።