የሠዓሊው ጠዋት

ደራሲዋ ደክሟት ነበር። ሠርቶ የደከመ ሰው ጋደም ይላል፤ አንድ መስመር ሳይጽፍ የደከመ ሰው ግን በምን ያርፋል? የመጀመሪያ መጽሐፏን ዘመድ ወዳጅ በይሉኝታ ገዝቶላት መደርደሪያ ላይ ረስቶታል። ሁለተኛውን አሳታሚው ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ አሁን ስልክ መደወሉንም ትቶታል። ከሰዓት በኋላ በአንድ ጋዜጣ ቢሮ ተቀምጣ የሌሎችን ጽሑፍ ስታርም ትውላለች። ማታ ከታላቅ እህቷ ጋር ወደምትኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ስትመለስ ለራሷ ጽሑፍ የሚተርፍ ዐይን የላትም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አንድ ቀን በቢሮው አሮጌ መጽሔት ውስጥ የአንድ ዝነኛ ሠዓሊ ቃለ ምልልስ አገኘችና የሙጥኝ አለችው። ሠዓሊው ከሞተ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያን ሁሉ ሥዕል የሠራው በአንድ የዕለት ሥርዓት እንደሆነ ይናገራል። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ደጁን በገዛ እጁ ይጠርጋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስከ ቀትር ድረስ ከማንም ጋር አንዲት ቃል አይነጋገርም።

«እኔም ልሞክረው ነው» አለች ለእህቷ።

«ዝምታውን? አንቺ? በእንቅልፍሽ እንኳ ታወሪያለሽ እኮ!»

«እስከ ቀትር ብቻ ነው።»

«እሰይ፣ ጆሮዬ ግማሽ ቀን ያርፋላ» አለች እህቷ፤ ወደ ሥራዋም ሄደች።

ሠዓሊው ደጅ ነበረው። ደራሲዋ ያላት ግን ፎቁ ሁሉ የሚወጣበት የሚወርድበት ደረጃ ነው። ስለዚህ በማግስቱ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ደረጃውን መጥረግ ጀመረች። የአራተኛው ፎቅ ተከራይ ከሥራ ሲመለስ ያገኛት ይህን ጊዜ ነው። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ ነው፤ ሁልጊዜ የሌሊት ተራ ስለሚገባ ጎረቤቱ ሁሉ «ተረኛው» ይለዋል፤ ከእሷ ጋር ግን ተነጋግረው አያውቁም።

«እንደምን አደርሽ?» አላት።

ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ደህና ነሽ?»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ አሁን አልናገርም ማለቷ ነው። ሰውዬው ግን ነርስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሲያይ ላደረ ሰው ሁሉም ነገር በሽታ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«ይቅርታ እህቴ፤ አላወቅሁም» አለና በቀስታ ወጣ።

ዲዳ መስላው እንደሆነ የገባት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከቀትር በኋላ እንዳትነግረው፣ እሱ ያን ጊዜ ተኝቷል፣ እሷም ቢሮ ናት። ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ አለች።

ነገ ሲመጣ ተረኛው ቆሞ መሄድ አቅቶት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ዐይኑ ቀልቷል።

«ዛሬ ሌሊት አንድ ሽማግሌ ሞቱብኝ» አላት። «እጄን ይዘው ‹ዝናብ ነው?› አሉኝ። ዝናብ አልነበረም። ‹አዎ አባባ፣ እየዘነበ ነው› አልኳቸው። ደስ አላቸው። ዋሸሁ ማለት ነው?»

አልዋሸህም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዐይኗን አልሰበረችም። ሁለቱም እንቅልፍ ያልጠገቡ ሰዎች ናቸው፤ ድካም ድካምን ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከእሷ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ መቀመጥ ልማዱ ሆነ። ለእናቱ ቢነግራት ታለቅሳለች፤ ለጓደኞቹ ቢነግራቸው ይመክሩታል። ለእሷ ግን ሁሉንም ይነግራታል፤ የሞተውን፣ የዳነውን፣ እሱ ራሱ መድኃኒት ክፍል ገብቶ ያለቀሰበትን ቀን። አንዳንዴም የበሽተኞቹን ቀልድ ያወራላታል። ዲዳ ሰው ድምፅ አውጥቶ ይሳቅ አይሳቅ ስለማታውቅ የሹራቧን እጅጌ እየነከሰች ሳቋን ትውጣለች። የግራ እጅጌዋ በዚህ ምክንያት ተተረተረ።

መጽሐፉስ? መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምታስበው ደረጃውን ነው።

«ንገሪው እንጂ!» አለቻት እህቷ አንድ ማታ። «ሰው ሆዱን ሲያራግፍልሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«ብነግረው ያፍራል። ካፈረ ደግሞ ዳግመኛ አይቀመጥም።»

«ባይቀመጥ ምን ቸገረሽ? ወደሽዋል እንዴ?»

ቀትር ካለፈ ቆይቷል፤ ሥርዓቱ መናገር ይፈቅድላታል። ደራሲዋ ግን መልስ አልሰጠችም።

አንድ ጠዋት ተረኛው እንደመጣ አልተቀመጠም። የደረጃውን ብረት ይዞ ጫማውን ሲያይ ቆየ።

«እናቴ ባለችበት ከተማ ሆስፒታል ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «የቀን ሥራ ነው። እንደ ሰው ሌሊት እተኛለሁ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ስጥ ብለውኛል። እናቴ ደግሞ ‹ና› ካለች ዓመት አለፋት።» ቀና ብሎ አያት። «እዚህስ ምን ይዞኛል? ይህች ደረጃና አንቺ ናችሁ።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን አሁን ብትናገር መጀመሪያ የሚሰማው ‹አትሂድ› የሚለውን ሳይሆን ስታታልለው መኖሯን እንደሆነ ታወቃት። መልሳ ገጠመችው። እሱም ትንሽ ጠብቆ ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ስትሄድ ዳቦ ቤት ተሰለፈች። ሲከፋት ነገር ማብዛት ልማዷ ነው።

«ይህን ነው ትኩስ የምትይው?» አለቻት ሻጯን ጮክ ብላ። «ፊቱን እዪው እንዴት እንደተጨማደደ! ይሄ እኮ ጡረታ የወጣ ዳቦ ነው!»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሻጯም ሳቀች። ደራሲዋ እየሳቀች ዞር ስትል ከሁለት ሰው ኋላ ተረኛው ቆሟል። እንቅልፍ እምቢ ብሎት የወጣ ይመስላል። እሱ አልሳቀም።

«ድምፅሽ ደስ ይላል» አላት።

«ቆይ ልንገርህ...»

«ሳለቅስ ያደርኩበትን እንኳ ነግሬሻለሁ» አለ በቀስታ። «ምን ነበር? ስትታዘቢኝ ነበር?»

ዳቦ ሳይገዛ ወጣ። ሰልፈኛው ሁሉ እሷን ሲያይ፣ ያን ሁሉ ምላስ የነበራት ሴት አንዲት ቃል አጣች።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሀፍረቱ አንደበቷን ያዛት። እሱም ግድግዳ እንደሚያልፍ ሰው አለፋት። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

በዚያው ሰሞን ጋዜጣው የሠዓሊውን ሙት ዓመት ሊያስብ ነበርና ፎቶግራፍ ለመዋስ ወደ ሠዓሊው ሚስት ቤት ላኳት። አሮጊቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ፎቶግራፎቹን ሰጧት። ደራሲዋ ግን አልሄደችም።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ እስከ ቀትር ዝም ማለት... ሰው አላስቀየመባቸውም? እንዴት ቻሉት?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እኔም ለጽሑፌ ብዬ እየሞከርኩት ነው።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ልጄ፣ እሱ እኮ እኔን አኩርፎ ነው!»

«ምን አሉኝ?»

«የእናቱን ሥዕል ሠርቶ ሲያሳየኝ ‹አፍንጫቸው ትንሽ አልበዛም?› አልኩት። አኮረፈ። ጠዋት ጠዋት አያናግረኝም። ቀትር ላይ ግን ይርበዋል፤ ሲርበው ይታረቃል። ማለዳ ደግሞ ትዝ ሲለው እንደገና ያኮርፋል። በዚህ መሀል ጋዜጠኛ መጣና ‹ለምን ዝም ትላለህ?› ቢለው ምን ይበል? ሚስቴን አኩርፌ ነው ይበል? ‹ለሥራዬ ነው› አለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጽሔት ላይ ወጣ! ሰው ሁሉ አደነቀው። ኩርፊያው ካለቀ በኋላ እንኳ ጠዋት መናገር አፈረ።» አሮጊቷ መሳቃቸውን ትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔም እልኸኛ ነበርኩ፤ ቀድሜ አላናገርኩትም። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ጠዋት ሲነሳ ድምፁ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ቀበርኩት።»

ደራሲዋ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሮጊቷም ስለማን እንደምታለቅስ አልጠየቋትም።

የሳምንቱ መጨረሻ ማለዳ ተረኛው ደረጃውን ሲወጣ መንገዱን ዘግታ ተቀምጣ አገኛት።

«እንደምን አደርክ?»

ድምፅዋ ጠዋትን ስለማያውቅ ሻካራ ነበር። እሱ ቆመ።

«አሳልፊኝ፤ ደክሞኛል።»

«ቆመህ ስማኝና ሂድ። ዲዳ አይደለሁም፤ ፈሪ ነኝ። አንድ ሠዓሊ ጠዋት አይናገርም ነበር ሲባል ሰምቼ፣ እኔም እንደሱ ብሆን እጽፋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ለካስ ሰውዬው ሚስቱን አኩርፎ ነው!» እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «የመጀመሪያውን ቀን ዝም ያልኩት ለሥርዓቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብናገር አትቀመጥም ብዬ ነው። የነገርከኝን ለማንም አልተነፈስኩም፤ አልጻፍኩትምም። አሁን መሄድህ ካልቀረ ሰምተህ ሂድ። እወድሃለሁ።»

ተረኛው ብረቱን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ እሷ ከተቀመጠችበት ደረጃ ላይ፣ ጎኗ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«ተናድጄብሻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። በጣም ነው የተናደድኩት። ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት፤ አሁን ለመጣላት አቅም የለኝም። ነገ ጠዋት እንጣላ።»

ነገ ጠዋት ሊጣላ የሚቀጥር ሰው ሻንጣ እንደማያስር ለመረዳት ደራሲ መሆን አያስፈልግም። እጇን ወደ እጁ ሰደደች፤ እሱም አልሸሸም።

«በአፍህ ነው የምትጣላኝ ወይስ በኩርፊያ?»

«በአፌ» አለ ዐይኑን ጨፍኖ። «ያውም ጮክ ብዬ።»

ተጣሉም። በማግስቱ ማለዳ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ሲጯጯሁ ጎረቤት በሩን እየከፈተ አያቸው። እህቷም በነጠላ ጫማ ወጥታ «ኧረ በፈጠራችሁ!» አለች። ስለ ውሸቱ ተጣሉ፤ ስለ ዳቦ ቤቱ ተጣሉ፤ እናቱን በምን ቀን አብረው እንደሚጠይቋት ሳይቀር ተጣሉ። ሲጨርሱ የሁለቱም ድምፅ ሰልሎ ነበር።

«ያልነገርሽኝ ሌላ የቀረ አለ?» አላት።

«ብዙ አለ» አለችው። «ነገ እነግርሃለሁ።»